የማዳም ልጅ የጾም ምሳዬን የበላች ቀን

በምግብ ሙያ የሚስተካከለኝ ሰው በካዛንቺስ አልነበረም፤ ዛሬም መኖሩን እጠራጠራለሁ። ማንም አላስተማረኝም። ድስት አጣቢ ሆኜ ገብቼ፣ ዓይኔንና አፍንጫዬን ከፍቼ፣ ዋና ምግብ አብሳይ ሆኜ ወጣሁ። ሌላው በወረቀት ያገኘውን እኔ በእሳት ዳር አገኘሁት።

ባለፈው ሳምንት ኦሎምፒያ አንድ ካፌ ቁጭ ብዬ፣ አንዲት እናት ልጇን በማንኪያ ስትለማመጥ አየሁ። ልጁ አፉን ገጥሞ ፊቱን ያዞራል። ሊና ትዝ አለችኝና ብቻዬን ሳቅሁ።

ነገሩ የሆነው ደርግ ወድቆ መንግሥት ከተለወጠ ጥቂት ዓመት ቆይቶ ነው። ጎልማሳ ነበርኩ። ሁዳዴ እንደገባ ካዛንቺስ ለሚኖር የፈረንጅ ቤተሰብ ምግብ ለማብሰል ተቀጠርኩ። ማዳም የአገራችንን አትክልት አያምኑም፤ ልጆቻቸውን የሚመግቡት ባሕር ተሻግሮ የመጣ የቆርቆሮ ምግብ ነው። የአምስት ዓመቷ ሊና ግን ከብስኩት ሌላ አትቀበልም፤ ክንዷ ሸንበቆ አክሏል።

ማዳም ቁርጡን ነገሩኝ፤ «በዚህ ወር ካልበላች ልጆቼን ይዤ አገሬ እገባለሁ።»

እሳቸው ከሄዱ እንጀራዬ ተቆረጠ። ይበልጥ የከነከነኝ ግን «የሠራውን ሕፃን እንኳ እምቢ አለችው» መባሉ ነው።

«ገበያውን ለእኔ ይተዉልኝ» አልኳቸው። በማለዳ ኡራኤል አካባቢ ካሉት ጉልቶች ዱባ፣ ካሮትና ቆስጣ መረጥኩ፤ ካሮቱ አፈሩ እንኳ አልደረቀም። ከቄራ ቅልጥም አመጣሁ። ሾርባው ሲንተከተክ ግቢው አወደ። እኔ ግን ጾመኛ ነኝ፤ ሥጋ የነካውን አልቀምስም። ዘበኛውን ኢብራሂምን ጠራሁት።

«ኢብሮ፣ እስቲ ጨውዋን ቅመስልኝ።»

«የክርስቲያን ሥጋ? አንተ ጾምህን ላለመፍታት እኔን ከሃይማኖቴ ልታስወጣኝ!»

እኔ መላ አላጣም። ሁለት ድስት ጣድኩ፤ አንዱን በመረቅ ለእነሱ፣ አንዱን በምስር ለምሳዬ፤ አትክልቱም ጨውም እኩል። የራሴን እየቀመስኩ የእነሱን አስተካከልኩ። ማዳም፣ ባለቤታቸውና ሌሎቹ ልጆች ሳህኑን ጠረጉት። ሊና ግን ሦስት ቀን ሙሉ ንክች አላደረገችም።

በአራተኛው ቀን ምሳዬን ስበላ ኩሽና ገባች። አማርኛ ከሞግዚቷ ተምራለች።

«የአንቺ እኮ ጠረጴዛ ላይ ነው» አልኳት።

«ያን አንተ አትበላም። ይሄን ትበላለህ። ያ መጥፎ ነው።»

ክው አልኩ። ለካ በበሩ ስንጥቅ ስትሰልለኝ ኖራለች! ጾም የማታውቅ ልጅ፣ አብሳዩ ራሱ የሚሸሸውን ምግብ እንዴት ትመን? ማስረዳቱን ትቼ ሳህኔን አስጠጋሁላት። በላች። «ጨምር!» አለች። ማዳም በሩ ላይ እጃቸውን አፋቸው ላይ ጭነው ቆመው ነበር።

ከዚያ ወዲያ በዚያ ቤት እስከ ፋሲካ አንድ ድስት ብቻ፣ የጾሙ የምስር ድስት፣ ተጣደ። እኔ ካልጎረስኩ ሊና አትጎርስምና፣ እኔም ከጠረጴዛቸው ጫፍ ተቀመጥኩ።

ሕፃን የሚያምነው ምላስህን አይደለም፤ ጉርሻህን ነው። ይህን ከመጽሐፍ አላገኘሁትም። ምን ሠራህ ለሚለኝም መልስ አለኝ፤ የቆርቆሮውን መደርደሪያ ባዶ አስቀረሁ፤ ማዳምን ጉልት ወስጄ ቆስጣ መምረጥ አስተማርኩ፤ ኢብራሂምን የምስሬ ደንበኛ አደረግሁ፤ ሊሄድ የተነሣ ቤተሰብ አራት ዓመት አቆየሁ፤ እሺ የማትል ሕፃን አጎረስኩ፣ እሷም መልሳ አጎረሰችኝ።