መስኮት የሌለው መጋረጃ

ያ ክረምት እርጥበቱ አጥንት ውስጥ የሚገባ ነበር። የስፌት ቤታችን መስታወት ቀኑን ሙሉ ላብ እንዳጠመቀው ግንባር ይንጠባጠባል፤ የተሰፋው ጨርቅ ሁሉ ሲነኩት ይቀዘቅዛል። እኔ ተኳሽ ነበርኩና ከካውያዬ አጠገብ ስለምውል ብርዱ የሚደርሰኝ ከሰው ሁሉ ኋላ ነው። እትዬ መጋረጃ ግን ከእኔ አምስት እርምጃ ርቃ፣ መስኮቱ ሥር ባለችው መኪናዋ ላይ ጋቢዋን ደርባ ትሰፋ ነበር።

ስሙን ያወጡላት የሥራ ጓደኞቿ ናቸው። ሠላሳ ዓመት ከመጋረጃ ሌላ ሰፍታ አታውቅም፤ የሆቴል፣ የክሊኒክ፣ የቢሮ። ሜትሯ ከአንገቷ አይወርድም። እኔን በስድስት ዓመት ትበልጠኛለች።

በዚያ ክረምት ነው ክር አስገቢልኝ እያለች መጥራት የጀመረችው። መጀመሪያ እጄን ቅባት ነክቶታል አለች፤ ቀጥሎ ዛሬ ብርሃኑ ደክሟል አለች። አንድ ማለዳ ካውያዬ አጠገብ መጥታ ቆመችና የዓይን ሐኪሙ ያላትን ድምጿን ዝቅ አድርጋ ነገረችኝ። ዓይኗ ከዳር ወደ መሃል እየጨለመ ነው፤ ጠብታው ያዘገየዋል እንጂ አይመልሰውም፤ ቢበዛ ሁለት ዓመት።

ካውያዬን ከጨርቁ ላይ አነሳሁት። እሷ ግን ያሰበችውን አስባ ነው የመጣችው።

«ባሕር አላየሁም» አለች። «ለሌላው ግድ የለኝም። መርከብ ላይ፣ ከትራሴ ቀና ሳልል፣ በመስኮት ባሕር ማየት እፈልጋለሁ። አብረሽኝ ትሄጃለሽ?»

ከስፌት ቤቱ በላይ ያለው ፎቅ ላይ አንድ የጉዞ ወኪል ነበር፤ የቢሮው መጋረጃ የእሷ ሥራ ነው። ሰውየው ደግ ነው፣ አስቀምጦ አስረዳን። ሰው በማይጓዝበት ወቅት ብትሄዱ ዋጋው በግማሽ ይወርዳል፤ ብቻውን የሚሄድ የሁለት ሰው ስለሚከፍል ሁለት መሆናችሁ ጥሩ ነው አለን። ከሁሉ ርካሹ በመርከቡ ሆድ ውስጥ ያለው ክፍል ነው፤ እሱ ግን መስኮት የለውም። የእትዬ ፊት ሲጠቁር አይቶ አንድ ነገር ጨመረ። የክፍል ቁጥር ሳትመርጡ «የተገኘውን ስጡን» ካላችሁ፣ ላይኛው ክፍል ባዶ ሲቀር አንዳንዴ ያለ ጭማሪ ያሳድጋሉ፤ ስትሳፈሩም በትሕትና ጠይቁ አለን። እሷ ይቺን ቃል ይዛ ደረጃውን ወረደች።

የስፌት ቤታችን ልብስ ቆራጭ ይህን ሲሰማ ሥራውን ትቶ ሳቀብን። «ባሕር ለማየት መስኮት የሌለው ክፍል? ቁም ሳጥን ውስጥ አትቀመጡም? እሱ በነፃ ነው።»

ዓመቱን ሙሉ ታክሲ የሚባል አልያዝንም። ምሳችንን ከቤት ቋጠርን፤ እኔ የጎረቤት ልብስ እየተኮስኩ፣ እሷ የጎረቤት መጋረጃ እያሳጠረች የጉዞው ገንዘብ ሞላልን። በዓመቱ፣ ያው ብርድ ተመልሶ ሲመጣ፣ መድኃኒታችንንና ባዶ የውሃ ጠርሙሳችንን ሳይቀር ሸክፈን ወደቡ ደረስን። መርከብ ላይ የሁሉም ነገር ዋጋ እሳት ነው ብሎን ነበር ወኪሉ። የመርከቡ ፎቶ አንሺ ገና በሩ ላይ ሲቀበለን፣ አንስቶ ክፈሉ ይለናል ብለን ፊታችንን አዞርን።

እትዬ በዕድሜዋ ሰው ለምና አታውቅም። መመዝገቢያው ላይ የጠየቅሁት እኔ ነኝ። መዝጋቢዋ ልጅ መዝገቧን ስታይ ቆይታ፣ ባለ መስኮቶቹ ሞልተዋል፣ አንድ የቀረው ደግሞ እንግዳ የሚያስገቡበት አይደለም አለችኝ። ምን ማለቷ እንደሆነ አልጠየቅኋትም።

ክፍላችን ስንገባ የቆራጩ ነገር ትዝ አለኝ። ሁለት አልጋ፣ አንድ መብራት። በአልጋዎቹ መሃል ግን ሰፊ መጋረጃ ተሰቅሏል። እትዬ «አየሽ፣ አሳደጉን» ብላ ገለጠችው። ከኋላው ግድግዳ ነው። ለካ ሰው እንዳይጨንቀው ነው የሚሰቅሉት።

ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ የመጋረጃውን ጠርዝ ይዛ በጣቶቿ ስትዳብስ ቆየችና «ጠማማ ነው» አለች።

በማግስቱ ወደ ላይ ወጣን። ነፋሱ ያስለቅሳል፣ ወንበሩ ረጥቧል፣ ሰው ይተራመሳል። ከጎኗ የሚመጣውን ስለማታይ አንዱ ገጭቷት አለፈ፤ ሌላዋ እግሯን ረገጠቻት። ባሕሩን በወጉ ሳታየው ክንዴን ይዛ ወረደች። በሦስተኛው ቀን ጠዋት አልወጣም አለችኝ። ይልቅ ያንን መጋረጃ አውርጂልኝ አለችና መርፌና ክሯን ከቦርሳዋ አወጣች። «መስኮቱ እንኳ ባይኖር፣ የማየው ነገር ይስተካከል።» ክር አስገባሁላት፤ ጠርዙን ተረተረችው።

ክፍል አጽጂው አንኳኩቶ ሲገባ ግድግዳው ባዶ፣ መጋረጃው ጉልበቷ ላይ ተበትኗል። የመርከብ ንብረት ነው፣ አይነካም ብሎ ደንግጦ ወጣና አለቃውን ይዞ መጣ። ወገቧ ላይ ቁልፍ የታጠቀች ደንዳና ሴት ናት። እኔ ቅጣቱን ከምን እንደምንከፍለው እያሰብኩ መለማመጥ ጀመርኩ። ሴትዮዋ አልሰማችኝም። ጨርቁን አነሳች፣ ገለበጠች፣ አዲሱን ስፌት ወደ መብራቱ አስጠግታ አየችው።

«እማማ፣ ሥራዎ ነው?»

«ሠላሳ አንድ ዓመት» አለች እትዬ። «የእናንተ ሰው ጨርቁን ሳያረጥብ ነው የሰፋው። ሲታጠብ ተኮማትሮ ጠመመ።»

ሴትዮዋ ሳቋ መጣና አልጋዬ ጫፍ ላይ ተቀመጠች። የመርከቡ ልብስ ሰፊ ታሞ ከወረደ ቆይቷል። ላይኛው ፎቅ ላይ ባለ ሰፊ መስኮት ክፍል አለ፤ መጋረጃው ካናቱ ተቀዶ ወርዶ ስለቀረ እንግዳ አላስገቡበትም። ከሰፉልኝ ክፍሉ እስክትወርዱ የእናንተ ነው አለች።

እትዬ ያለችው አንድ ነገር ብቻ ነው። «ካውያ ካላችሁ፣ የሚተኩሰው ሰው እዚህ አለ።»

ያን ቀን እሷ በእጇ ሰፋች። ዓይኗ የማይደርስበትን በጣቷ ለካች። እኔ አሥራ ሰባት ጊዜ ክር አስገባሁ፤ ከዚያ ጨርቁን ተሸክሜ ልብስ ማጠቢያው ወረድኩ። እዚያ ያሉት ተኳሾች ቦታ ለቀቁልኝና፣ ለዕረፍት መጥተው ካውያ ያዙ ብለው ሳቁብኝ። እኔም ሳቅሁ።

ከሰዓት በኋላ ተሰቀለ። እትዬ ጫማዋን አወለቀች፣ ተጋደመች፣ ትራሷን አስተካከለች።

«በይ ግለጪው።»

ገለጥኩት። ከትራሷ ቀና ሳትል አየች። ግራጫ መስሎኝ ነበር፣ አረንጓዴ ነው አለችኝ። እዚያ ማዶ ደግሞ እንደ ሐር ይታጠፋል አለችኝ። ከዚያ በስፌት ቤት ድምጿ፣ «ጠርዝ የለውም። ይህን ማን ሰፍቶ ይጨርሰዋል» አለች።

እስክንወርድ ድረስ ለምግብ ካልሆነ ከዚያ ክፍል አልወጣችም። መርከቡ በየወደቡ ሲቆም ሌላው ሰው ከተማ ሲዞር እኛ ተጋድመን ውሃ እናያለን። አለቃዋ ፍራፍሬ በራሷ እጅ አመጣችልን። እኔ ያቺን ሴት አመሰግናለሁ፤ ወኪሉንም አመሰግናለሁ። ከሁሉ ይልቅ ግን መልኩን የማላውቀውን፣ ያንን ጠማማ ጠርዝ የሰፋውን ሰው አመሰግነዋለሁ። አቃንቶት ቢሆን ኖሮ ግድግዳ አይተን እንመለስ ነበር።

ከተመለስን በኋላ ስምንት ወር ሠራች። ከዚያ አንድ ቀን ሜትሯን ከአንገቷ አውልቃ በእኔ አንገት ላይ አደረገችውና ወጣች። ዛሬ ከብርሃን በቀር አይታያትም። ባለፈው ልጠይቃት ስሄድ የእህቷ ልጅ ስሞታ ነገረችኝ፤ ጎረቤት እያየን አክስቴ መጋረጃ አይሰቀል አለች፣ አንቺ እንኳ ምከሪያት አለችኝ። አልመከርኋትም።

እትዬ አሁን በዚያችው በእህቷ ልጅ ቤት ናት። ሦስተኛ ፎቅ፣ ከደረጃው በስተቀኝ፣ ሁለተኛው በር። አልጋዋ መጋረጃ ከሌለው መስኮት ሥር ነው።