ከግምቱ ላይ የተቀነሰው

ሥራዋን ለሰፈር ሰው ማስረዳት ከባድ ነበር። "ፈታሽ ነኝ" ስትል ሰው ሁሉ በር ላይ ቆማ የሴቶችን ቦርሳ የምትበረብር ይመስለዋል። አጎቷማ አንድ ቀን ሊጠይቃቸው መጥቶ፣ ደጃፉ ላይ ሁለት እጁን ወደ ላይ ሰቅሎ "በይ ፈትሺኝና ልግባ!" ብሎ ቤቱን በሳቅ ሞላው። ከዚያ ወዲህ በቤተሰቡ ዘንድ ስሟ ፈታሿ ሆኖ ቀረ።

እውነተኛ ሥራዋ ሌላ ነው። የኮምፒውተር ፕሮግራም ሰው እጅ ከመግባቱ በፊት የሚሞክረውን ክፍል ትመራለች። የቱ ክፍል ስንት ጊዜ እንደሚፈጅ ትገምታለች፣ ማን ምን እንደሚሞክር ዕቅድ ታወጣለች፣ ስንት ሙከራ እንዳለፈና ስንት እንደወደቀ በየሳምንቱ በቁጥር ለአለቃዋ ታቀርባለች። ግምቷ ጠብ አይልም ይባልላት ነበር።

የክሊኒኮች ፕሮግራም የመጣ ጊዜ ሰባት ሳምንት ጠየቀች። ፕሮግራሙ የበሽተኞችን ካርድ ከወረቀት ወደ ኮምፒውተር የሚያዞር ነው። መጀመሪያ ከሚጠቀሙበት ክሊኒኮች አንዱ ታላቅ እህቷ ካርድ ክፍል የምትሠራበት ነበር። እህቷን "እትዬ" ነው የምትላት፤ እናታቸው ከሞቱ ወዲህ እናትም እህትም የሆነቻት እሷ ናት፤ አሁንም አብረው ነው የሚኖሩት።

አለቃው ግምቱን አይቶ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቀለ። "ሰባት? እኔ እኮ ለደንበኞቹ በወሩ መጨረሻ ብያለሁ።"

"ካርድ ማዋሃጃው ብቻ ሁለት ሳምንት ይፈጃል" አለችው። "አንድ ሰው ሁለት ካርድ ካለው ፕሮግራሙ ራሱ አንድ ያደርገዋል። ሁለት የተለያዩ ሰዎችን አንድ ቢያደርግስ? ስሙ ከነአባቱ የሚመሳሰል ስንት ሰው አለ!"

"እሱ አልፎ አልፎ የሚገጥም ነገር ነው። አንቺ ደግሞ ሁሌ ታካብጃለሽ። በአራት ጨርሺልኝ በናትሽ፣ አታሳፍሪኝ።"

እምቢ ማለት ትችል ነበር፤ ከዚያ በፊትም እምቢ ብላ ታውቃለች። ያን ሰሞን ግን ከእሷ በላይ ያለው ቦታ ሊለቀቅ እንደሆነና ስሟ እንደተነሳ ሰምታለች። "እሺ፣ እንሞክራለን" አለች። ጠረጴዛዋ ጋ ተመልሳ ዕቅዱን ስትቆራርጥ ማዋሃጃውን "በሁለተኛው ዙር" ከሚለው ሥር ጻፈችው። ሁለተኛ ዙር የሚባል ነገር እንደሌለ አሳምራ ታውቃለች።

መጨረሻ ላይ ያቀረበችው ሪፖርት "ካካሄድናቸው ሙከራዎች ዘጠና ስምንት በመቶው አልፈዋል" ይላል። ቁጥሩ ውሸት አልነበረም። ያልተካሄደው ስንት እንደሆነ ግን የትም አልሰፈረም። ከፈታሾቿ አንዷ "ማዋሃጃውስ? አልተፈተሸም ብለን እንኳ እንጻፍ እንጂ" ስትላት፣ "ለሱ አታስቢ፣ ተነጋግረንበታል" ብላ አፏን አስያዘቻት። አለቃው ቁጥሩን በትልቁ ስክሪን ላይ ሲያሳይ ተጨበጨበ። እሷም አጨበጨበች።

ክሊኒኩ ፕሮግራሙን ከጀመረ ብዙም ሳይቆይ እትዬ አንድ ቀን ከሥራ ሰዓቷ ቀድማ መጣች። ቦርሳዋን እንደያዘች አልጋዋ ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች።

"ሰው ልገድል ነበር" አለች።

ስማቸው የሚመሳሰል ሁለት አዛውንቶች አሉ። አንደኛው ፔኒሲሊን አይስማማቸውም። ኮምፒውተሩ ያወጣላቸው ካርድ ግን የሌላኛው ስለነበር ፔኒሲሊን እንደማይስማማቸው የሚገልጽ ነገር የለበትም። መርፌውን እንደተወጉ ፊታቸው አብጦ ትንፋሽ አጠራቸው። ደግነቱ ሐኪሙ አጠገባቸው ስለነበር ተረፉ። የክሊኒኩ ኃላፊ "ካርዱን ያቀላቀልሽው አንቺ ነሽ" ብሎ እትዬን ከሥራ አገዳት።

"ዕድሜዬን ሙሉ አንድ ካርድ አሳስቼ አላውቅም" አለች እትዬ። "ዛሬ እጄ ምን እንደነካ እንጃ። ዓይኔ ነው መሰለኝ የደከመው።"

ፈታሿ ማዋሃጃው እንደሆነ ወዲያው ገባት። ያንኑ ጊዜ መናገር ነበረባት። ከአፏ የወጣው ግን "አይዞሽ፣ ካስፈለገ መነጽርሽን እናስለውጣለን" የሚል ነበር።

በማግስቱ ቢሮ ገብታ በሚመሳሰል ስም ሁለት ሰዎች መዘገበችና ማዋሃጃውን አስነሳችው። ፕሮግራሙ ምንም ሳይጠይቅ አንድ አደረጋቸው። ሁለት ሳምንት የጠየቀችለት ሥራ የመጀመሪያው ሙከራ ላይ ወደቀ።

ቤት ስትመለስ እትዬ መስኮቱ ሥር ተቀምጣ፣ አንድ ዓይኗን በመዳፏ ከድና የሳሙና ካርቶን ላይ ያለውን ጥቃቅን ጽሑፍ ታነባለች። "ይሄው አያለሁ እኮ! ታዲያ ያን እንዴት ሳትኩት?"

ፈታሿ ከዚህ በላይ አልቻለችም። "እትዬ፣ ዓይንሽ ምንም አልሆነም። ጥፋቱ የኔ ነው" አለችና ከግምቱ ጀምራ አንድ ሳታስቀር ነገረቻት።

እትዬ ካርቶኑን ጭኗ ላይ አስቀመጠች። "መነጽር እናስለውጣለን ያልሽኝ ይሄን እያወቅሽ ነው?" አለች። ተነስታ ጓዳ ገባች።

በማግስቱ ስትነግረው አለቃው "እስቲ ረጋ በይ። በሚቀጥለው ማሻሻያ ሹልክ አድርገን እናርመዋለን" አላት። "ሪፖርቱ ላይ የፈረምሽው አንቺ መሆንሽንም አትርሺ።"

"ስለፈረምኩ እኮ ነው የመጣሁት" አለችው። የዚያኑ ዕለት ለሁሉም ክሊኒኮች ደውላ ማዋሃጃውን አዘጋች። ከዚያ የእትዬ ክሊኒክ ኃላፊ ፊት ቀረበች።

"ስትፈትሹት ይሄን አላያችሁም?" አላት ሰውየው።

"አልፈተሽነውም። ያስቀረሁት እኔ ነኝ።"

እትዬ ይቅርታ ተጠይቃ ወደ ሥራዋ ተመለሰች። ከፍ ያለው ቦታ ለሌላ ሰው ተሰጠ፤ ፈታሿም ከኃላፊነቷ ወርዳ እንደ ማንኛውም ፈታሽ ትሠራለች። በዚህ አላዘነችም፤ እንዲያውም ቀለል ብሏታል። ያልቀለላት ሌላ ነው። አዛውንቱ ዳግመኛ ክሊኒክ አልረግጥም ብለው፣ የደም ግፊት መድኃኒታቸውንም ትተው ቤት ዋሉ። እትዬ እየተመላለሰች ለመነቻቸው። በመጨረሻ "ካርዴን ራስሽ በእጅሽ ይዘሽ ሐኪሙ ጋ የምታስገቢኝ ከሆነ" ብለው እሺ አሉ።

የዚያን ቀን ፈታሿ ፈቃድ ጠይቃ አብራቸው ሄደች። ወረፋ መጠበቂያው ላይ ከአዛውንቱ ጎን ተቀመጠች። እሳቸው እጅጌያቸውን እየሰበሰቡ "ያን ነገር የሠሩት ሰዎች፣ ለመሆኑ አባት የላቸውም?" አሏት።

አፏን ከፈተች። ያኔ እትዬ ካርዱን ይዛ ከካርድ ክፍሉ መስኮት ጀርባ ወጣችና "አባባ፣ ተራዎ ደርሷል" አለች። ሽማግሌው የፈታሿን ትከሻ ተደግፈው ተነሱ፤ "ተባረኪ ልጄ" ብለዋት ገቡ። እሷም ባዶው ወንበር አጠገብ ቀረች። እስከ ዛሬ አልነገረቻቸውም።