ስም እስከ አያት

ከመርሳ ወደ ሲሪንቃ በሚወስደው አስፋልት ዳር ያለችው ሾላ በር መረጃዋን ለሕዝብ ክፍት ያደረገች ዕለት ሪባኑ የታሰረው ኮምፒውተር ላይ ነበር። ከንቲባው መቀሱን ሲያነሡ መብራት ጠፋ። ጭብጨባው ግን አልቆመም፤ እንዲያውም ሰው ጨለማውን የሥነ ሥርዓቱ አካል አድርጎ ስለወሰደው ባሰበት።

«ከዛሬ ጀምሮ በዚህ ከተማ የሚደበቅ ነገር የለም!» አሉ ከንቲባው፣ ራሳቸው ሳይታዩ።

ከኋላ ወንበር ሆና ከሁሉ አብልጣ ያጨበጨበችው እየሩሳሌም ናት። በመዝገብ ቤቱ አሥራ ዘጠኝ ዓመት ሠርታለች። ዶሴ አሽትታ የባለቤቱን ሰፈር ትናገራለች ይባላል፤ ልደቱን የረሳ ሰው እሷን ይጠይቃል። «መልአከ ሞት እንኳ አድራሻ ቢጠፋበት እሷ ጋ ነው የሚመጣው» እያሉ ይቀልዱባት ነበር። እሷም እንደ ምስጋና ተቀብላው ትስቃለች።

አዲሱ የመረጃ ኃላፊ አቶ ኤርሚያስ፣ ወልድያ ላይ የሦስት ቀን ሥልጠና ወስዶ የመጣ ሰው ነው። «ክፍት» የምትለዋን ቃል ሳይጨምር ሻይ እንኳ አያዝዝም። ያስከፈተው ድረ ገጽ ግን ደመና ባለፈ ቁጥር የሚጠፋ ስለሆነ፣ ድረ ገጹ በወረቀት ታትሞ ግቢው ውስጥ ባለው ሰሌዳ ላይ ተለጠፈ። የከተማዋ ቤቶች በሙሉ ከነነዋሪዎቻቸው በቤት ቁጥር ተራ ተደርድረዋል። ከዚያ በላይ የፈለገ ቅጽ ሞልቶ ይጠይቃል። ሌላ ቦታ ለቅጽ መልስ አንድ ክረምት ይጠበቃል፤ እየሩሳሌም ግን ጠያቂው ላቡን ጠርጎ ሳይጨርስ ታቀብለዋለች።

አንድ ነገር ብቻ አላስተኛትም። ሾላ በር ውስጥ ሰባት ሙሄዲን አሊ አለ። የአንዱ መጥሪያ ለሌላው ይደርሳል፤ አንዱ ሲታመም ሌላውን ይጠይቁታል። የዝርዝሩ ዓምድ «ስም» እና «የአባት ስም» ብሎ ያበቃል። ማንም ሳያዝዛት ስድስት ሳምንት አሮጌ ዶሴ ስታገላብጥ ከርማ፣ ለከተማው ሰው ሁሉ የአያት ስምና የመጣበትን አገር ጨመረች። ያለ አያት ስም ምኑ ስም ነው! አቶ ኤርሚያስ የምስጋና ወረቀት ሰጣት፤ ወረቀቱ ላይ ግን ስሟ እስከ አባቷ ብቻ ስለተጻፈ መልሳ አሳረመችው።

አዲሱ ዝርዝር በተለጠፈ በሁለተኛው ሳምንት አንድ ሽማግሌ መጡ። ነጭ ኮፍያ አድርገዋል፣ ዱላቸው በመዳብ የታሰረ ነው፣ የግራ ጆሯቸው ጫፍ የለም።

«አሰላሙ አለይኩም፣ ልጄ።»

«ወአለይኩም ሰላም፣ አባቴ። ምን ልርዳዎት?»

«ዘመድ ጠፍቶብኝ ነው። ከጥቁር ዋርካ የወጣ፣ ሙሄዲን አሊ የሚሉት።»

እየሩሳሌም ከደስታዋ የተነሣ ቅጹን ራሷ ሞላችላቸው፤ ስማቸውን አብዱልሐሊም፣ ምክንያቱን «ዘመድ ፍለጋ» ብላ። ከሰባቱ ከጥቁር ዋርካ የመጣ አንድ ብቻ ነው፤ ሙሄዲን አሊ ይመር፣ የቤት ቁጥር 412። ለካ የራሷው ጎረቤት፣ ልብስ ሰፊው! ሽማግሌው ወረቀቱን አራት አጥፈው ደረት ኪሳቸው ከተቱና መረቋት፤ ምርቃቱ ረጅም ነበር። ድምፃቸው ግን ከጉድጓድ የሚወጣ ይመስል ነበር።

ማታ ከሥራ ስትመለስ ሱቁ በር ላይ ቆማ «ሙሄ፣ ምሥራች! ዘመድህን አገኘሁልህ» አለችው።

«የቱን ዘመድ?» አለ ሙሄዲን ከስፌቱ ቀና ሳይል።

«ትልቅ ሰው ናቸው። ጆሯቸው የተቆረጠ። አብዱልሐሊም ነው ያሉኝ።»

የስፌት መኪናው ቆመ። ሙሄዲን እግሩን ከመርገጫው ላይ አነሣና ወደ መንገዱ ግራና ቀኝ ተመለከተ። ወንበሩን ሁልጊዜ ፊቱ ወደ በሩ አድርጎ ነው የሚቀመጠው፤ እየሩሳሌም ለብርሃን ብሎ ነው ትል ነበር።

«ብቻቸውን ናቸው?»

«ብቻቸውን ናቸው። ምነው?»

«ወንድሜ በመስኖ ተራ ተጣልቶ ልጃቸውን ገደለ» አለ ቀስ ብሎ። «ከዚያ ጠፍቶ ወደ ሳዑዲ ሲሻገር ባሕር በላው። ደሙ ግን አብሮት አልሰመጠም፤ እኔ ላይ መጣ። ሦስት ጊዜ ሽማግሌ ላክሁ። ሦስቱንም ጊዜ ምሳ አብልተው ሸኙልኝ፤ እሺታ ግን አልሰጡም።»

«ታዲያ እንዲህ ያለውን ነገር አትነግረኝም?»

«ለማን ነው የምነግረው? እዚህ ከተማ ሙሄዲን አሊ ሞልቷል። እነሱ መሃል ገብቼ አሥራ ሁለት ዓመት ኖርሁ። ጫካዬ ነበሩ፣ እየሩስ። አንቺ መነጠርሽው።»

በነጋታው ጠዋት የአቶ ኤርሚያስን ቢሮ ሳታንኳኳ ገባች።

«ዝርዝሩ ይነሣ!»

«ክፍት መረጃ አይዘጋም» አለ እሱ በትዕግሥት። «ለመዝጋት የመዝጊያ ቅጽ ያስፈልጋል። የመዝጊያ ቅጽ ደግሞ አላዘጋጀንም፤ ክፍት ነዋ!»

«ሰው ሊሞት ነው እኮ የምልህ!»

«አይዞሽ፣ ሲሞት መረጃው ይታደሳል። በየሰኞው አይደል የምናድሰው?»

እየሩሳሌም በሩን ክፍት ትታው ወጣች።

ሙሄዲንና ሚስቱ ዘሀራ ረቡዕ በቀን፣ በሁለት ፌስታልና በአንድ የስፌት መኪና ወደ መርሳ በሚሄድ ባጃጅ ወጡ። መሸኛ አልወሰዱም፤ መሸኛ ላይ የሚሄዱበት አገር ይጻፋልና። የሚሄዱበትን ለእየሩሳሌም ብቻ፣ በጆሮዋ ነገሯት። እሷም የሰኞው እድሳት ሲደርስ በአሥራ ዘጠኝ ዓመት ያላደረገችውን አደረገች፤ ከ412 ፊት ለፊት «በሞት የተለየ» ብላ ጻፈች። ብዕሩ ሁለት ጊዜ እምቢ አለ። በሦስተኛው ጻፈ። ለአቶ ኤርሚያስ አዲሱን ዝርዝር ስትሰጠው ሳያነብ ማህተም መታበት፤ ማንበብ የሕዝብ ድርሻ ነው።

ማክሰኞ ከሰዓት በኋላ አብዱልሐሊም መጡ። ሰሌዳው ፊት ለረጅም ጊዜ ቆሙና ወደ መስኮቷ ቀረቡ።

«ሙሄዲን ሞተ አሉ፣ ልጄ?»

«አዎ፣ አባቴ። አላህ ያጽናዎት።»

«አላህ ይዘንለት። እንግዲያ ለቅሶ ልድረስ። ድንኳኑ የት ነው?»

እየሩሳሌም ጠረጴዛው ላይ ያሉትን ቅጾች ማስተካከል ጀመረች።

«ጀናዛውን ማን አጠበው? ጠዋት መስጊዱ በር ላይ የተቀመጡትን ጠየቅሁ፤ አንድ የሰማ የለም። እድርተኛው አልሰማ፣ ቀባሪ አልወጣ፣ ጉድጓድ አልተቆፈረ። እኔ ልጄን ስቀብር ሦስት አገር ሰው ነው የወጣልኝ። በዚህ ከተማ ሰው እንዲህ በዝምታ ይሞታል?»

አልጮኹም። ቢጮኹላት በወደደች፤ የሚጮህን ሰው ዘበኛ ያስወጣዋል። እኝህን ግን ዘበኛው ወንበር አቅርቦላቸው ነው የሄደው።

ሽማግሌው ወደ ሰሌዳው ተመለሱና ጣታቸውን በዝርዝሩ ላይ ወደ ታች አወረዱ። 410። 411። 412 ላይ ትንሽ ቆመ። ከዚያ አንድ መስመር ዝቅ አለ።

«413» ብለው አነበቡ፣ ሳይቸኩሉ። «እየሩሳሌም አስፋው ወልደ ሰንበት። የመጣችበት፣ ግራና።» ዘወር ብለው አዩአት። «ጎረቤቱ ነሽ ለካ።»

«ጎረቤት ነን እንጂ… ብዙም አንተዋወቅም።»

«አያትሽን አውቃቸዋለሁ። ወልደ ሰንበት ውሸት የማያውቁ ሰው ነበሩ።» ዱላቸውን ግድግዳው ላይ አስደገፉ። «ጎረቤት ደግሞ ጎረቤቱ የት እንደገባ አይጠፋውም።»

«እኔ ምንም የማውቀው የለም፣ አባቴ።»

«ግድ የለም። እኔ ቸኩዬ አላውቅም፤ አሥራ ሁለት ዓመት ጠብቄያለሁ።»

ዘበኛው ባቀረበላቸው ወንበር ላይ፣ ከመስኮቷ ትይዩ ተቀመጡ። ግቢው ውስጥ ሰው ይገባል፣ ይወጣል፤ አቶ ኤርሚያስም ሲያልፍ «ተስተናገዱ አባቴ?» ብሎ በአክብሮት ጠየቃቸው። «እየተስተናገድሁ ነው» አሉት። እየሩሳሌም አንገቷን ደፍታ አንዱን ዶሴ ከፈተች፤ ፊደሎቹ ግን አልታይሽ አሏት።

«መውጫሽ አሥራ አንድ ተኩል ነው፣ አይደል?» አሉ ሽማግሌው ለስለስ ባለ ድምፅ። «ጨርሺ፣ አትቸኩዪ። አብረን እንሄዳለን። ቤትሽን አውቄዋለሁ።»