ፋኑ የማይዞር መኪና ይዞ ሽምግልና

የእንጅባራ ሰው ጅብ አይፈራም፤ ንፋስ ግን ይፈራል። ሚኒባስ ውስጥ አንድ ጣት የምታህል የመስኮት ክፍተት ካለች፣ ከኋላ ወንበር ድረስ "ኧረ ዝጉት! በንፋስ ልታስመቱን ነው?" የሚል ጩኸት ይመጣል። እኔም በዚሁ ያደግኩ ነኝ። ያን ቀን ግን አገሬን ከነንፋስ ፍራቻዋ ረገምኳት፤ የሕይወቴ ትልቁ ጉዳይ በአራት የተዘጉ መስኮቶች ምክንያት ገደል ሊገባ ነበርና።

መኪናዬ በዕድሜ ከእኔ ብዙም የማታንስ የቤት መኪና ናት። ሞተሩ ሲሞቅ በራሱ ተነስቶ ራዲያተሩን ማቀዝቀዝ የነበረበት ፋን አይዞርም። ሙቀቱን የሚያሳየው የዳሽቦርድ መርፌም ከታች፣ ቀዝቃዛ የሚለው ምልክት ላይ ተኝቶ ቀርቷል። ይህን ለወራት ልብ አላልኩም። ሽማግሌዎች ዛሬም ቆሰበር በሚሏት ከተማችን፣ ጠዋት ጉም፣ ከሰዓት ዝናብ፣ ማታ ብርድ ባለበት፣ መርፌው "ቀዝቃዛ ነው" ቢል ማን ይጠረጥረዋል? እንዲያውም አንድ ቀን ከፍ ብሎ ባየው ነበር ደንግጬ ጋራዥ የምሮጠው።

ጉዱ የታወቀው ዳንግላ ላይ ቆሜ ሰው ስጠብቅ መኪናዋ ውሃ አፍልታ ስትንጨረጨር ነው። የዳንግላው ኤሌክትሪሺያን ኮፈኑን ከፍቶ ገና ሳይነካ "ማን ነው እንዲህ የነካካብህ?" አለና ፊውዝ ቀየረ። ፋኑ አልዞረም። የእንጅባራው ደግሞ የዳንግላውን ሥራ አይቶ "ማን ነው እንዲህ የነካካብህ?" ካለ በኋላ ሙቀት የሚለካውን ሴንሰር ቀየረ። ፋኑ አሁንም አልዞረም፤ መርፌውም ከእንቅልፉ አልነቃም። ተናድጄ ተውኩት። መኪናዋ እስከሮጠች ድረስ የመንገዱ ንፋስ ያቀዘቅዛታል፤ ችግሩ ስትቆም ነው። የዚያን ጊዜ ደግሞ አንድ መላ አለ፦ ውስጡን የሚያሞቀውን ሂተር እስከ መጨረሻው መክፈት። የሞተሩ ሙቀት ወደ ውስጥ ይገባል፣ መስኮቱን ከፍተህ ታስወጣዋለህ።

በዚህ መሐል ጫግኒ ያለችው የምወዳት ልጅ ደወለች። መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ ስትስቅ ስልኩ ውስጥ ሆና እንኳ የምታስቀኝ ልጅ ናት። ያን ቀን ግን አልሳቀችም። "ሌላ ሰው ሽማግሌ ሊልክ ነው። አባቴ ደግሞ ሰውየውን ይወደዋል። የምትልክ ከሆነ ቶሎ ላክ" አለችኝ። አባቷ እህል ነጋዴ ናቸው፤ አርፍዶ የመጣን ሽማግሌ ከበር እንደሚመልሱ ይወራል። በሰዓቱ ለደረሰም ቢሆን በመጀመሪያው ቀን እሺ አይባልም። ወጉ ነው፤ ቀጠሮ ይሰጣል፣ ተመላልሶ ይለመናል። እኔ ስመላለስ ያኛው ሊቀድመኝ ነው። ሌሊት እንቅልፍ አጣሁ።

ሦስት ሽማግሌ ተመረጠ፤ አባቴ፣ የንስሐ አባታችን፣ እና አንድ የአዲስ ቅዳም ከሰል ነጋዴ፣ ንግግር አዋቂ። ጠያቂው ራሱ ሽማግሌ ይዞ መሄድ ነውር ነው። ግን የእኔን መኪና ከእኔ በቀር የሚችላት የለም፤ አባቴ ደግሞ "የራሳችን መኪና እያለ የሰው መኪና ተከራይተን ምን ሊሉን ነው?" ብሎ ድርቅ አለ። መፍትሔውንም ራሱ ሰጠ፦ "አንተ ሹፌር ነህ። ከመኪናው አትራቅ፣ አፍህንም አትክፈት።"

በጉም ወጣን። ሦስቱም ጋቢያቸውን እስከ አፍንጫቸው ተከናንበው፣ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ፈትሸው ዘጉ። ወደ ቆላው እየወረድን ፀሐይ ስትወጣም ጋቢ ያወረደ የለም። ጫግኒ ልንደርስ ስንል የገበያ ቀን መሆኑን ያወቅኩት አስፋልቱን የሞላው ከብትና አህያ ሲገጥመኝ ነው። ከበሬ ኋላ መንፏቀቅ ጀመርን። ትንሽ ቆይቶ የፈላ ውሃ ሽታ መጣ። መርፌውን አየሁት፤ ተኝቷል። ሂተሩን ከፈትኩት።

"ይቅርታ አባቶቼ፣ መስኮቱን ትንሽ ዝቅ አድርጉልኝ" አልኩ።

"በዚህ ላብ ላይ ንፋስ?" አለ አባቴ።

"ሞተሩ ሊቃጠል ነው!"

"ሞተሩ ይሠራል። እኛ ከታመምን ማን ይሠራናል?"

ነገሩ እንዲህ ነበር፦ በሞቃቸው ቁጥር ያልባቸዋል፣ ባላባቸው ቁጥር ንፋስ ይፈራሉ፣ ንፋስ በፈሩ ቁጥር መስኮቱ ይዘጋል። የእኔን ጎን ብከፍት ነጋዴው ከኋላዬ እጁን ሰዶ የመስኮቱን እጀታ መልሶ አዞረው። "ከሰል ሳከስል እንኳ እንዲህ አልሞቀኝም" ይላል፣ እየዘጋ። የንስሐ አባታችን ፊታቸውን እየጠረጉ "ልጄ፣ ስለ ሲኦል ልታስተምረን ከሆነ ገብቶናል" አሉ። አባቴ ሲናደድ ወደ አዊኛ ይሻገራል፤ የቀረውን መንገድ በአዊኛ ተሰደብኩ።

በሰዓቱ ደረስን፤ ይህን ማንም አይነፍገኝም። የልጅቷ አባት በር ከፍተው ሲጠብቁ፣ መኪናዋ ከነጭ እንፋሎቷ ጋር ግቢው ውስጥ ገብታ ቆመች። ሽማግሌዎቹ በየተራ ወረዱ፤ ፊታቸው ቲማቲም መስሏል፣ ጋቢያቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቋል። ሰውየው አንድ ጊዜ እነሱን፣ አንድ ጊዜ መኪናዋን፣ አንድ ጊዜ እኔን አዩ። "ሹፌር፣ ውሃ ከበርሜሉ ቅዳ" ብለውኝ እንግዶቻቸውን ይዘው ገቡ።

ቆላ ሰው መስኮት አይዘጋም፤ እግዜር ይስጠው። ኮፈኑ ሥር አጎንብሼ የሚባባሉትን ሁሉ እሰማለሁ። እጄ ሥራ ካልያዘ ልቤ ሊቆም ስለሆነ ፋኑን መመርመር ጀመርኩ። በትርፍ ሽቦ ከባትሪው ጋር በቀጥታ ሳገናኘው ዞረ። እንግዲያው ፋኑ ደህና ነው፤ ችግሩ ኤሌክትሪኩ የሚሄድበት ሽቦ ላይ ነው። ሽቦዎቹን በጣቴ እየተከተልኩ ከባትሪው ጀርባ ደረስኩ። እዚያ፣ ከመኪናዋ አካል ጋር መታሰር ያለበት የኔጌቲቭ ሽቦ ከዛገ ብሎን ላይ ተላቆ ተንጠልጥሏል። የፋኑም የመርፌውም የኤሌክትሪክ መመለሻ ይኸው አንድ ሽቦ ነው። ሁለት ሰው የነካካት መኪና አንድ የዛገ ብሎን የሚያይ አጣች! ዝገቱን በቢላዋ ፋቅሁ፣ ሽቦውን አሰርኩ፣ ቁልፉን ላዞር ገባሁ።

ከውስጥ ከሰል ነጋዴው ንግግሩን ጨረሰ። ከዚያ የልጅቷ አባት ድምፅ መጣ።

"በወጉማ ዛሬ ቀጠሮ ሰጥቼ፣ ሁለት ሦስት ጊዜ ማመላለስ ነበረብኝ።"

ቁልፉን እንደያዝኩ ጆሮዬን አቀናሁ።

"ግን አመጣጣችሁን አየሁ። በዚያ መኪና እንደገና ኑ ብዬ አንዳችሁ መንገድ ላይ ብትቀሩ እግዜርን ምን እለዋለሁ? ልጅቱም ፈቃዷን ነግራኛለች። ሰጥቻለሁ።"

እጄ በደስታ ቁልፉን አዞረው። ፋኑ እየጮኸ ተነሳ! መርፌውም ከወራት እንቅልፉ ተስፈንጥሮ ላይ ወጣ። ግቢው በፋን ድምፅ ተሞላ፤ እኔ ደግሞ በድንጋጤ ተሞላሁ። የተፈቀደልኝ መኪናዋ ብልሹ ስለሆነች ነው፤ ጤነኛ ከሆነች ቀጠሮው ተመለሰ ማለት ነው። ሮጬ እጄን ባትሪው ጀርባ ሰድጄ ሽቦውን ነቀልኩት። ጸጥ አለ።

ቀና ስል የልጅቷ አባት በረንዳው ላይ ቆመዋል። ከጀርባቸው መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል፤ ምን ያህል እንዳዩ አላወቅኩም።

"ተሠራ እንዴ?" አሉኝ።

"ኧረ አልተሠራም፣ ጋሼ። ፈጽሞ አይሠራም።"

ደረጃውን ወርደው አጠገቤ መጡ። ኮፈኑ ሥር አጎንብሰው የተንጠለጠለውን ሽቦ፣ ከዚያ ጥቁር እጄን ተመለከቱ።

"በል ልጄ" አሉኝ፣ "ሽቦውን መልሰህ እሰረው። ቃሌን አላጥፍም።"