በአሸዋ ላይ የሠራናት ድሬዳዋ

በንጉሡ ዘመን ድሬዳዋ ለማስተማር የተላክሁ ጊዜ ሃያ አንድ ዓመቴ ነበር። የጂኦግራፊ መጽሐፋችን ስለ ሩቅ አገር ወንዞች ያትታል፤ ዝናብ በመጣ ቁጥር ከተማዋን ለሁለት ስለሚከፍላት ስለ ደቻቱ ግን አንድ መስመር የለውም። ስለዚህ ከደረቁ ወንዝ አሸዋ በጆንያ አስመጥቼ፣ ከተማሪዎቼ ጋር በአንድ ሰፊ ጠረጴዛ ላይ ከተማዋን ሠራናት። ቤቶቹ የክብሪት ቀፎ፣ ሐዲዱ ጥቁር ክር፣ ቀፊራ ገበያ ደግሞ የጠርሙስ ቆርኪ ነበሩ።

ለየቡድኑ አሥር ቀፎ እሰጣለሁ። "ከገጠር የመጡ አሥር ቤተሰቦች ናቸው፤ አስፍሯቸው" እላለሁ። ከዚያ ከላይ በኩል ውሃ በጣሳ እለቅባቸዋለሁ። ቤቱን ጎርፍ የወሰደበት ቡድን ይሸነፋል።

አንድ ቀን አንዲት የጨርቅ ነጋዴ ልጅ አሥሩንም ቀፎ ወስዳ ጠረጴዛው ላይ ከዚራ ሰፈር ባለው የአንድ ትልቅ ሹም ግቢ ውስጥ ደረደረቻቸው።

"እዚያ እኮ ሰው ይኖራል" አልኳት።

"አንድ ሰው ነው ቲቸር። ቦታው ሰፊ ነው፤ ጎርፍም አይደርስበትም።"

ክፍሉ በሳቅ አውካካ። እኔም ሳቅሁ። ውሃውን ለቀቅሁት፤ እሷ አሸነፈች።

በሦስተኛው ቀን ካኪ የለበሰ ሰውዬ ሳያንኳኳ ገባ። ወሬው ከማን ቤት እንደደረሰው እስከ ዛሬ አላውቅም። ጠረጴዛውን ዞሮ ዞሮ የሹሙ ግቢ ፊት ቆመ። ቀፎዎቹን አላነሳኋቸውም ነበር።

"እነዚህን እዚህ ያሰፈረ ማን ነው?"

ልጅቷ ሁለተኛው ረድፍ ላይ ቆማለች። ዓይኔ እንዳያሳብቅባት ፈርቼ ወደ እሷ አልዞርኩም።

"እኔ ነኝ" አልኩ። ድምፄ የሌላ ሰው መሰለኝ።

"ነገ ጠዋት ጸጥታ ቢሮ ትመጪያለሽ።"

ያን ቀን እህል በአፌ አልዞረም። በማግስቱ ስሄድ የልጅቷ አባት መንገድ ላይ ቆመው ጠበቁኝ። ፊታቸው አመድ መስሏል።

"የልጄን ስም ጠርተሻል?"

"አልጠራሁም። አልጠራምም።"

"ወላሂ በይ።"

"እግዚአብሔርን፣ አልጠራም።"

እጄን ጨበጡኝ።

ቢሮው ደጃፍ እስከ ቀትር አስቀመጡኝ። በሩ በተከፈተ ቁጥር ብድግ እላለሁ። ስገባ ያ ሰውዬ አንዱን ጥያቄ ደጋገመው።

"የሰው መሬት ማከፋፈል ማን አስተማረሽ?"

"ጨዋታ ነው ጌታዬ። ስለ ጎርፍ ለማስተማር ነው።"

"ጨዋታ!"

በመጨረሻ አንድ ወረቀት ገፋልኝ፤ ከመጽሐፉ ውጪ ላለማስተማር ግዴታ የምገባበት ነው። የልጅቷ ስም አለመኖሩን ሁለት ጊዜ አይቼ ፈረምኩና ለቀቁኝ።

እታሰራለሁ ብዬ ነበርና ደስ ሊለኝ ይገባ ነበር። እኔ ግን በቀጥታ ክፍል ገብቼ፣ ተማሪዎቹ እያዩኝ አሸዋውን ወደ ጆንያው መጥረግ ጀመርኩ። አንድም ቃል አላስረዳኋቸውም፤ ስለ ነገሩ ማውራት ራሱ ያስፈራኝ ነበር። ልጅቷ ልታግዘኝ ተነስታ ቀፎዎቹን መልቀም ስትጀምር "ተይ! እንዳትነኪ!" ብዬ ጮህኩባት።

ሰውዬው ፊት አድኛት ነበር። ጥፋተኛ ነኝ ብላ ያመነችው ግን በእኔ ጩኸት ነው። ዓመቱ እስኪያልቅ ጥያቄ ለመመለስ እጇን አላወጣችም፤ እኔም ጠርቼ ለማናገር ድፍረቱን አላገኘሁም።