የመናኸሪያው ሽንት ቤት ቁልፍ

ይህን ለሚስቴ አልነገርኳትም፤ ለንስሐ አባቴም አልተናዘዝኩትም። ለአንተ ለአንባቢው የምነግርህ ስለማታውቀኝ ነው፤ ዓይንህን ማየት ስለሌለብኝ። ፈሪ ነኝ፤ ኑዛዜዬም የፈሪ ኑዛዜ ነው።

ባለፈው ዓመት በባቡር ወደ ድሬዳዋ ስሄድ፣ ሽንት ቤቱ በር ላይ ተራ የምትጠብቅ አንዲት ልጅ አየሁ። እናቷ ውሃ ስትሰጣት "አልጠጣም፣ ደግሞ ይመጣብኛል" አለች። እናትየዋ ሳቀች። እኔ ግን ወንበሬ ላይ ተመልሼ፣ ፊቴን ወደ መስኮቱ አዙሬ አለቀስኩ። ከብዙ ዓመት በፊት የገደልኳት ልጅ ትዝ ብላኝ ነው። ገደልኳት ማለቴ አበዛሁት? አላበዛሁም።

ያኔ ጂንካ መናኸሪያ የጽዳት ኃላፊ ነበርኩ። ኃላፊ ልባል እንጂ በሥሬ የነበሩት ሁለት መጥረጊያና አንድ ባልዲ ናቸው። ለተሳፋሪው አዲስ ሽንት ቤት ተሠርቶ ነበር። ገምጋሚዎች ይመጣሉ ሲባል አጠብኩት፣ በረኪና ደፋሁበት፣ ቆለፍኩት። አሠራራችን እንዲህ ነበር፤ ለእኛ ንጹሕ ሽንት ቤት ማለት ሰው ያልገባበት ሽንት ቤት ነው። ሦስት ቀን ሙሉ ተሳፋሪው ከጀርባ ወዳለው ቦይ ሲሄድ እያየሁ አልከፈትኩትም። ገምጋሚ የሚባል ግን ድርሽ አላለም።

በሦስተኛው ቀን ረፋድ ላይ አንዲት የአልዱባ መንደር እናት ልጇን ደግፋ መጣች። ልጅቷ ታደለች ትባላለች፤ አሥራ ሦስት ዓመት ቢሆናት ነው። ተቅማጥ ይዟት ጤና ጣቢያ ታክማ ወደ ቤቷ መመለሷ ነበር። መድኃኒቱን በጠርሙስ በጥብጠው፣ መንገዱን ሁሉ ቶሎ ቶሎ ጠጪ ብለዋታል።

"ወንድሜ፣ ልጅ ሆዱን አሞታል። ሽንት ቤት ክፈትልን" አለችኝ እናትየዋ፣ ሴቱንም በወንድ በሚጠራ የገበያ አማርኛዋ።

"ቁልፉ አለቃ ጋ ነው፤ አለቃ ደግሞ ሃና ከተማ ሄዷል" አልኳት።

ቁልፉ ኪሴ ውስጥ ነበር። እጄ ነክቶታል። ብከፍትላት ምን እሆን ነበር? እንደገና ማጠብ፣ ያ ብቻ። አንድ ባልዲ ውሃ መቅዳት ታከተኝ! ለማስመሰል ቢሮ ገብቼ መሳቢያ ከፈትኩ፣ ዘጋሁ፣ እጄን አራግፌ ወጣሁ። ልጅቷ ወደ ቦዩ ሄደች። ጎማ የሚቀይሩ ጎረምሶች ቆመው ሳቁባት። እኔም ቆሜ አየሁ። መኪናው ላይ ስትወጣ የቀሚሷን ኋላ በእጇ ሸፍና ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት እናትየዋ ለቅዳሜ ገበያ ብቻዋን መጣች። ያን ዕለት ከእኛ ከወጡ በኋላ መኪናው መንገድ ላይ ተበላሽቶ ቀኑን ሙሉ ፀሐይ ላይ ቆመው እንደነበር ነገረችኝ።

"ጠጪ አልኩ። 'ከጠጣሁ ይመጣብኛል፣ ሰው ይስቃል' አለኝ። ጠርሙስ ሙሉውን ቤት ገባ። ልጅ ሳይነጋ ሞተ።" ከዚያ እጄን ያዘችኝ። "አንተ ግን ደግ ሰው ነህ። ቁልፍ ፈለግክልን። ጌታ ይባርክህ።"

"አሜን" አልኩ።

አሜን አልኩ! ስንፍናዬስ ስንፍና ነው፤ ውሸቴም ውሸት ነው። የልጇን ሞት ተሸክማ የመጣች እናት ስትመርቀኝ ምርቃቱን የተቀበልኩበት አፍ ግን ምን ዓይነት አፍ ነው? ከዚያ ወዲህ የታመመ ልጅ ባየሁ ቁጥር፣ ሕልሜ ውስጥም፣ ያ የተሸፈነ ቀሚስ ይመጣብኛል።

ከድሬዳዋ እንደተመለስኩ ለእናትየዋ እውነቱን ልነግራት ቆርጬ አልዱባ ሄድኩ፤ ቤቷን አፈላልጌ አገኘሁ። አርጅታለች፤ እኔን ግን ወዲያው ለየችኝ። ደጇ ላይ በርጩማ አወጣችልኝ፤ አፌን ሳልከፍት ጎረቤቶቿን ጠራች። "ለታደለች ቁልፍ የፈለገ ሰውዬ ይህ ነው" አለቻቸው። ሁሉም ቀርበው ጨበጡኝ። እኔም አንድ በአንድ ጨበጥኳቸውና በመጣሁበት መኪና ተመለስኩ።

አንተን ይቅር በለኝ አልልህም። ይቅርታ የምለምነው እሷን ነው፤ እሷ ደግሞ ዛሬም ደግ ሰው እያለች ትጸልይልኛለች።