በጉም ቀን የተከፈቱ መስኮቶች

የወይን ለቀማ ካለቀ በኋላ በዛምፒዬሪዎች ቤት የሰማይ ነገር እንደ ቤተሰብ ጉዳይ ይወራል። ዘለላዎቹ ሰገነት ላይ በሸምበቆ ቆጥ ተደርድረው እስከ ጥር ይጠወልጋሉ። ደረቅ ነፋስ ሲነፍስ መስኮቶቹ ይከፈታሉ፤ ጉም ከሸለቆው ሲወጣ ይዘጋሉ። መጭመቁም ሆነ በርሜል ውስጥ ለዓመታት ማስቀመጡ ከዚያ በኋላ የሚመጣ ነው። ሰገነት ላይ የሻገተ ወይን ዕድሜ ልኩን በርሜል ውስጥ ቢከርም አማሮኔ የሚባለው የወይን ጠጅ አይሆንም።

መስኮቶቹን መክፈትና መዝጋት የአባወራው የጄልሚኖ ሥራ ነበር፤ ከእሱ በፊት የአባቱ። ሚስቱ ኤጂዲያ ሙሽራ ሆና ወደ ፉማኔ መንደር ስትመጣ አማቷ በመጀመሪያው ቀን፣ «ገንፎው ቢያርርብሽ እንችልሻለን፤ የወንዶቹን መስኮት ግን እንዳትነኪ» ብለዋታል። ኤጂዲያ በነገር ከቄሱ ጋር እንኳ የምትፋጠጥ ሴት ናት። ይችን አንዷን ትእዛዝ ግን አክብራ አረጀች።

ከዚያ ጄልሚኖ መርሳት ጀመረ። መጀመሪያ የረሳው የሰው ስም ነበር፤ ይህ ማንንም አላስጨነቀም፤ በመንደሩ ግማሹ ሰው የሚጠራው በቅጽል ስሙ ነው። ቀጥሎ ከመጠጥ ቤት ወደ ቤቱ የሚመለስበት መንገድ ጠፋው። ኤጂዲያ ሸፈነችለት። ልጃቸው ፍላቪዮ ሲጠይቃት፣ «ጆሮው ነው የደከመው፣ ጮክ ብለህ አናግረው» ትለዋለች። ጄልሚኖ ከሰገነቱ በወረደ ቁጥርም ጫማዋን አውልቃ ትወጣና መስኮቶቹን እንደሚገባቸው ታደርጋቸዋለች። በገዛ ቤቷ ሌባ የሆነች ይመስላት ነበር።

ፍላቪዮ ካወቀ የሰገነቱን ቁልፍ ከአባቱ እንደሚወስድ አልጠፋትም። ቁልፍ ያስረከበ ሰው ምን እንደሚሆን ደግሞ በገዛ አባቷ አይታለች። ወንበር ላይ ተቀምጦ ግድግዳ ሲያይ ከርሞ ፋሲካ ሳይደርስ ሞተ። ጄልሚኖ መስኮቶቹን ከተነጠቀ ጠዋት ለምን ብሎ ይነሳል?

ኅዳር ላይ ኔግራር ያለች እኅቷ ወድቃ እግሯ ተሰበረ። ኤጂዲያ ልትጠይቃት ሄዳ፣ ጉሙ ወርዶ አውቶቡስ ሲቀር ለቀናት እዚያው ቆየች። ጉሙ ቤቱን ውጦት ስለነበር ፍላቪዮ ከግቢ ሆኖ መስኮቶቹን ማየት አይችልም፤ አባቱን አምኖ ሥራውን ይሠራ ነበር።

ስትመለስ ካፖርቷን ሳታወልቅ ሽቅብ ወጣች። ሽታው በሩ ላይ ተቀበላት። መስኮቶቹ ሁሉ ወለል ብለው ተከፍተዋል፤ ጉሙ በቆጦቹ መካከል እንደ ባለቤት ይንጎራደዳል። ጄልሚኖ ባርኔጣውን አድርጎ መሀል ላይ ቆሟል፤ ደስ ብሎታል።

«ዝጋው እንጂ፣ አንተ ሰውዬ! ጉም እኮ ነው!»

«የምን ጉም አመጣሽ ደግሞ? ትናንት የተለቀመ ወይን ነው፤ ይተንፍስ እንጂ።»

ዘለላ አንስታ ፈለቀቀችው። ውስጡ በግራጫ ሻጋታ ተሞልቷል። ሌላ አነሳች፤ ያው ነው። ሣጥን ላይ ተቀምጣ አለቀሰች።

ፍላቪዮ ድምጿን ሰምቶ ወጣ። ለመረዳት አንድ ጊዜ ማሽተት በቃው።

«ማነው የከፈተው?»

ጄልሚኖ መስኮቶቹን አየ፤ ከዚያ የገዛ እጆቹን አየ። ፊቱ ላይ የመጣውን ፍርሃት ኤጂዲያ አልቻለችውም።

«እኔ ነኝ» አለች። «ከመሄዴ በፊት ከፍቼው ረሳሁት።»

«አንቺ? እማዬ፣ አንቺ?»

«አዎ፣ እኔ! ምን ታፈጥብኛለህ? ሰው አይደለሁም? አልረሳም?»

«አባዬስ? ሲወጣ ሲወርድ አላየውም?»

«ለአባትህ አትዝጋው ብዬዋለሁ። ተወው እሱን!»

ፍላቪዮ ቆጡን በእርግጫ መታው፤ የበሰበሱ ፍሬዎች ወለሉ ላይ ተበተኑ። «የዓመት ልፋታችን! አንዳችሁም አትረቡም፣ ሁለታችሁም አርጅታችኋል!» ቁልፉን ከበሩ ነቅሎ ኪሱ ከተተ። «ከዛሬ ጀምሮ እዚህ አትወጡም። አንቺም፣ እሱም።» ደረጃውን እያንኳኳ ወረደ።

ዋሽታም አላዳነችውም። ኤጂዲያ የጄልሚኖን ፊት ማየት ፈርታ መስኮቶቹን አንድ በአንድ ስትዘጋ ቆየች።

ጄልሚኖ ከኋላዋ መጥቶ ትከሻዋን ያዝ አደረጋት።

«አይዞሽ» አላት በለሆሳስ። «ልጁን እኔ አናግረዋለሁ። ሰሞኑን እንደምትረሺ አውቄ ነበር። እንዳታፍሪ ብዬ ነው ዝም ያልኩት።»

ኤጂዲያ ለመናገር አፏን ከፈተች።

«እሺ» አለችና ክንዱን ይዛ ወረደች።